ለደረት ፈታሾች፣ ከታላቅ አድናቆት ጋር

የአየርላንድ ሰው ሁሌ የሚመሰገነው በሙዚቃው፣ በጨዋታ አዋቂነቱ፣ ሲብስም በጥቁር ቢራው ነው። ግፍ ነው። ትልቁ ችሎታው ተረስቷል። መንገድ ማዶ ቆሞ የአንድን ሰው ኮሌታ ብቻ አይቶ፣ የሰውየውን ሃይማኖት፣ የአያቱን ሥራ፣ የሚመርጠውን ፓርቲና የሚደግፈውን የኳስ ቡድን በአንድ ትንፋሽ የሚዘረዝር ሌላ ሕዝብ ካለ ጠቁሙኝ። የሚያስፈልገው አንዲት የወረቀት አበባ ናት። አበባዋ ባትኖርም ችግር የለም፣ ባዶ ኮሌታም ይነበባል። እንዲያውም ረጅሙ ንባብ ባዶው ላይ ነው።

አበባዋ ፖፒ ትባላለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ባረሰው የቤልጂየምና የፈረንሳይ መሬት ላይ የበቀለች ቀይ የዱር አበባ ናት። ከ1921 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ጣጣውም የነሱ ስለሆነ) ዛሬ ሮያል ብሪቲሽ ሊጅን የሚባለው የእንግሊዝ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በወረቀት እያሠራ ይሸጣታል። ገንዘቡ ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው መደገፊያ ይውላል። ሁለት ቀይ ቅጠል፣ መሃል ላይ ጥቁር ክብ፣ ከጎን አንዲት አረንጓዴ ቅጠል፣ አንድ ስፒል። በቃ። ከኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ ጦርነቱ እስካበቃበት ዕለት፣ እስከ ኖቬምበር 11፣ ትሰካለች፣ ከዚያ ትወልቃለች።

እንግሊዞቹ ነገሩን ቀለል አድርገው ነው የያዙት። ሁሉም በፈቃዱ ይሰካል፣ ያልሰካ ወዮለት። አረንጓዴዋ ቅጠል በፈረንጅ ሰዓት 11ን መጠቆም አለባት ብለው የሚከራከሩ አሉ፣ ሻጩ ማኅበር ራሱ እንደፈለጋችሁ ሰኩ እያለ። በ2016 ደግሞ ብስኩት እየተስገበገበ የሚበላው ሰማያዊ የልጆች አሻንጉሊት ቢቢሲ ላይ ፖፒ ሰክቶ ቀረበ። የትኛው ግንባር ላይ እንደተዋጋ አልተነገረንም።

ባሕሩን ተሻግረን የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን ስንገባ ግን ፍተሻው ወደ ጥበብ ያድጋል።

መቼም ምክንያት የላቸውም አይባልም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ200,000 በላይ አየርላንዳውያን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ተሰልፈዋል። የሞቱት ብዙ ጊዜ 35,000 ገደማ ይባላሉ፣ የመታሰቢያ መዝገቡ ላይ ደግሞ ከ49,000 በላይ ስም ሰፍሯል። ለአገር ብሎ የሄደ አለ፣ ለትንሿ ቤልጂየም ብሎ የሄደ አለ፣ ለደመወዝ ብሎ የሄደ ደግሞ ሞልቷል። ማርሽ ባንድ እየተመታላቸው ወጡ። እነሱ ጉድጓድ ውስጥ ጭቃ ሲያቦኩ፣ በ1916 የፋሲካ ሰሞን ደብሊን ውስጥ፣ ያኔ አየርላንድን ትገዛ በነበረችው በእንግሊዝ ላይ ዓመጽ ተነሳ፣ መሪዎቹም ተረሸኑ። የተረፉት ወታደሮች ሲመለሱ አገሩ ያው ነው፣ ማርሹ ግን ተቀይሯል። ትናንት ጀግና የተባለበት ዩኒፎርም ዛሬ የጠላት ልብስ ሆኖ ጠበቀው።

እዚህ ላይ ነው የደብሊን ልጆች ብልሃት የሚደነቀው። በ1920ዎቹ ኖቬምበር 11 በደረሰ ቁጥር የሰው ኮሌታ ላይ ያለች ፖፒ መንጠቅ የወጣቶች ስፖርት ሆነ። የቀድሞ ወታደሮቹስ ዝም አሉ? ምን በወጣቸው! ከፖፒያቸው ሥር ምላጭ መስፋት ጀመሩ። የነጠቀ ጣቱን ይሰጣል። አስቡት እንግዲህ፣ ያን ሁሉ እልቂት ለማሰብ የተሰካች አበባ በምላጭ ታጥራ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ወንበዴ የሰፈር ልጅ ሲጠብቅ። ሌላው ዓለም ለሞቱት የአንድ ደቂቃ ዝምታ ያደርጋል። ደብሊን ዝምታውንም አድርጋ ድብድቡንም ጨምራ ሰጠች። በ1924 መሃል ከተማ ኮሌጅ ግሪን ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ለመታሰቢያው ወጥቶ ነበር። ሕዝቡ የበዛ እንደሆነ ምን ይደረጋል? በ1926 ሥነ ሥርዓቱ ወደ ፊኒክስ ፓርክ ተዛወረ። አየሩ ንጹህ ነው፣ ሣሩም ሰፊ ነው፣ ከዓይንም ራቅ ይላል።

የሞቱት ወታደሮች መታሰቢያ ሐውልት ላይም ያው ጥንቃቄ ታይቷል። በመጀመሪያ የታሰበው ከፓርላማው ፊት ለፊት ሜሪዮን አደባባይ ላይ ነበር። በ1927 ሚኒስትሩ ኬቨን ኦሂጊንስ ተነስተው ይህ መንግሥት የተመሠረተው በእነዚያ ሰዎች መስዋዕትነት ላይ አይደለም፣ እዚያ ቢቆም ያሳስታል ብለው ተከራከሩ። የገዛ ወንድማቸው በዚያው ጦርነት ሞቷል። ወንድምን አልቅሶ ሐውልቱን ግን እዛ ማዶ አድርጉልኝ ማለት የሚችል ሰው፣ እኔ በበኩሌ ባርኔጣዬን አንስቼለታለሁ። ስለዚህ እዛ ማዶ ሆነ፣ ሊፊ ወንዝ ዳር አይላንድብሪጅ የሚባል ቦታ። ትልቁ አርክቴክት ኤድዊን ላትየንስ ነደፈው። ሥራው በ1930ዎቹ መጨረሻ አለቀ። ከዚያ ሊመረቅ ነው ሲባል ሌላ የዓለም ጦርነት መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ማንም አልቸኮለም። በይፋ የተከፈተው በ1988 ነው። እስከዚያ ድረስ እየፈራረሰ፣ ቆሻሻ እየተጣለበት ቆየ። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያልተመረቀ ሐውልት! እኛ ያላለቀ ፕሮጀክት በማስመረቅ ነው የምንታወቀው፣ ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው።

ግን ፍትሐዊ እንሁን፣ አየርላንዶች ፈታሽ የሆኑት ለቀይዋ አበባ ብቻ አይደለም። ለራሳቸውም አበባ አላቸው። የ1916ቱን ዓመጽ ሙታን ለማሰብ ከ1926 ጀምሮ በፋሲካ የሚሰካ የወረቀት ሊሊ አለ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ብርቱካንማ። ይሄስ አንድ ያደርጋቸዋል ብላችሁ ካሰባችሁ አታውቋቸውም። ሪፐብሊካኖቹ፣ ማለትም መላው አየርላንድ ከእንግሊዝ ይላቀቅ የሚሉት፣ በ1970 ገደማ ለሁለት ሲሰነጠቁ አንደኛው ወገን ሊሊዋን በኮላ የምትለጠፍ አደረጋት፣ ሌላኛው በስፒል ቀጠለ። እስከ ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ቅጽል ስም ተለጣፊዎቹ ነው። (በኛ ፖለቲካ ተለጣፊ ሲባል ሌላ ነገር ነው፣ ተዉት።) አያችሁ ልዩነቱን? ሌላ አገር ሰው አበባው ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቃል። እዚህ ፈታሹ ጎንበስ ብሎ የሚያየው በምን እንደተያያዘ ነው። የርዕዮተ ዓለም ልዩነት በኮላና በስፒል የተፈታበት ሌላ አገር ካለ ንገሩኝ።

አንድ ቦታ ላይ ሽሙጤን ላስቀምጥ። በ1987 ኖቬምበር 8፣ በእንግሊዝ ሥር በቀረችው ሰሜን አየርላንድ፣ ኤኒስኪለን ከተማ ሰዎች ለመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት በተሰበሰቡበት የታጠቁት ሪፐብሊካኖች፣ የአይአርኤ፣ ቦምብ ፈንድቶ 11 ሰው ገደለ። ይሄ የሚቀለድበት አይደለም። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ የአየርላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ እዚያው ሄደው አበባ አኖሩ። መሄዳቸው ትልቅ ነገር ነበር፣ ማንም አይክድም። ያኖሩት ግን አረንጓዴ የሎረል ጉንጉን ነው፣ ኮታቸው ላይም ፖፒ የለም። ፈታሾቹ ሁለቱንም መዝግበዋል።

ከዚያ ተተኪያቸው ሊዮ ቫራድካር መጡ። በ2017 ፓርላማ የገቡት ደረታቸው ላይ ፖፒ ሰክተው ነው፣ ግን ተራ ፖፒ አይደለችም። የአየርላንድ ምልክት የሆነችው ባለ ሦስት ቅጠሏ ሻምሮክ አለች፣ እሷ ላይ ፖፒዋ ተደርባለች። የጦርነቱን መቶኛ ዓመት አስታክኮ የሊጅኑ የአየርላንድ ቅርንጫፍ ያወጣት ናት። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ይቺን ያፈለቀው! ለእንግሊዝ ወዳጁ ፖፒ ናት፣ ለአገር ወዳዱ ሻምሮክ ናት፣ ለሚጠላት ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የመጥላት ዕድል ትሰጣለች። በሁለት ቢላ መብላት ሲባል ሰምተን ነበር፣ በሁለት ቅጠል መብላት ግን አዲስ ነው። ሰውየው ፖፒ ሰካ ብለው የተቆጡም ነበሩ፣ ትክክለኛዋን አልሰካም ብለው ያጉረመረሙም አልጠፉ።

የፈታሾቹ ሻምፒዮና የሚካሄደው ግን ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ኳስ ተጫዋቹ ጄምስ ማክሊን የሰሜን አየርላንዷ ከተማ የዴሪ ልጅ ነው፣ ክሬጋን ከሚባለው ሰፈር። በ1972 ጃንዋሪ 30 የእንግሊዝ ወታደሮች ዴሪ ላይ ሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፣ አንድ ደግሞ በኋላ ሞተ። ከሟቾቹ ውስጥ የሰፈሩ ልጆች አሉ። የፖፒ ገንዘብ የሚደግፈው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የተዋጉትን ብቻ አይደለም፣ ሰሜን አየርላንድ የዘመቱትንም ነው። ስለዚህ ማክሊን እንግሊዝ አገር ሲጫወት ፖፒ ያለበትን ማልያ አልለብስም አለ። በ2014 ለክለቡ ሊቀ መንበር ደብዳቤ ጽፎ አስረዳ፣ ለሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሙታን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያለ ችግር እለብሰው ነበር አለ። ከዚህ የበለጠ ትሕትና ያለው እምቢታ ከየት ይመጣል?

የእንግሊዝ ኳስ ደጋፊዎች ግን አልተታለሉም። ኖቬምበር በመጣ ቁጥር ሜዳው ሙሉ ሕዝብ አንድ ደቂቃ ጸጥ ይል ነበር፣ ስለ ነጻነት ለሞቱት። ፊሽካው ይነፋል። ከዚያ የቀረውን 90 ደቂቃ ነጻነቱን የተጠቀመውን ልጅ ሲሰድቡ ይውሉ ነበር። ጉልበታቸው ይደነቃል፣ የአንዳንዶቹ ድምፅ እስከ ሁለተኛው አጋማሽ እንኳ አይዝልም።

ፊፋም አልቀረበትም። በ2016 የብሪታንያን ፌዴሬሽኖች በፖፒ ቀጣቸው። የአየርላንድ ሪፐብሊክን ደግሞ የ1916ቱን ዓመጽ መቶኛ ዓመት ምልክት ማልያ ላይ አትማችኋል ብሎ ቀጣ። ሁለቱ አገሮች በዚህ ጉዳይ እኩል የተስተናገዱበት ብቸኛው ጽሕፈት ቤት ዙሪክ ያለው የፊፋ ሳይሆን አይቀርም።

እና እኛን ምን አገባን የምትሉ አላችሁ። አለን ከኒንግሃም የሚባል ጄኔራል ታውቃላችሁ? በ1941 ከኬንያ ተነስቶ አዲስ አበባን ከጣሊያን ያስለቀቀው ጦር አዛዥ። ሰውየው የተወለደው ደብሊን ነው። በኛ በኩል ባለውለታ ነው። ደብሊን ላይ ግን በየትኛው መዝገብ ይገባል? የእንግሊዝ ጄኔራል፣ በኋላም ፍልስጤም ላይ የእንግሊዝ የመጨረሻው ከፍተኛ ኮሚሽነር። የትውልድ ከተማው ፈታሾች ኮሌታውን ቢያገኙት ሰዓት ይወስድባቸዋል። ለሱ ፖፒ ብሰካ ለአዲስ አበባ ነው ብዬ ማስረዳት እንደምችል ደግሞ እርግጠኛ አይደለሁም፣ አንድ ወዳጄ ከደረሰበት ተምሬያለሁ።

ወዳጄ ለንደን ነው የሚኖረው። ሱፐርማርኬት በር ላይ ሳጥን ይዘው የቆሙ አንድ ሽማግሌ አሳዘኑትና አንድ ፓውንድ ጣል አድርጎ ፖፒውን ሰካ። በነጋታው ለክርስትና ደብሊን በረረ። አበባዋን ረስቷታል። የደብሊኑ ታክሲ ነጂ በመስታወት አየው። መንገዱን አየ። እንደገና አየው።

«ከለንደን ነው የመጣኸው?»

«አዎ።»

«ያቺን ነገር ብታወልቃት ይሻላል። ለኔ አይደለም፣ እኔ ምንም አይመስለኝም። ለሌላው ሰው ብዬ ነው።»

ወዳጄ ደንግጦ ነቅሎ ኪሱ ከተታት፣ ስፒሏም ጣቱን ወጋችው። ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ነጂው ሞተሩን አጠፋ፣ ግራና ቀኝ ተገላመጠ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያቴ በአንደኛው ጦርነት ፈረንሳይ፣ ሶም ግንባር ላይ ነበር። ሜዳሊያው ደረጃው ሥር ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።» ታክሲው ውስጥ እኮ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም! ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ክርስትናው ቤት ደግሞ አንዲት እናት ኪሱ ላይ ብቅ ያለችውን ቀይ ነገር አይተው «ልጄ፣ ዛሬ የኤድስ ቀን ነው እንዴ?» አሉት። ከነገሩ ሁሉ ያለ ተንኮል የተጠየቀው ጥያቄ ይሄ ብቻ ነበር ይላል።

ስለዚህ በኖቬምበር ደብሊን የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ከአገሬው ብልሆች ተማሩ። ሰክተህ ብትወጣ ትጠየቃለህ፣ ሳትሰካ ብትወጣ ለንደን ያለው የአጎትህ ልጅ ይጠይቅሃል፣ ባለ ሻምሮኳን ብትሰካ ሁለቱም ይጠይቁሃል። ብልህ ሰው የዝናብ ጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ይዘጋል። ወሩ ዝናባማ ነውና ማንም ለምን አይልም። የጃኬቱን ቀለም ብቻ አስቡበት። ቀይ አይሁን። አረንጓዴም ይቅር። ብርቱካንማማ ጭራሽ እንዳታስቡት።