ማስተካከያ፦ ስለ አያታችን የሕይወት ታሪክ

በአያታችን ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ በቴሌግራም ለብዙ ዘመድ ደርሷል። ሌሊቱን በጥድፊያ የተጻፈ ስለሆነ መስተካከል ያለባቸው ነገሮች አሉበት።

ዋናው የልጆቻቸው ቁጥር ነው። ጽሑፉ «የ4 ልጆች እናት» ይላል። አያታችን ግን ሲጠየቁ ሁሌም «አምስት» ነበር የሚሉት። አምስተኛዋ የጎረቤት ልጅ ናት። ክርስትና ያነሷት እሳቸው ናቸው። እናቷ ስትሞት ወስደው ከልጆቻቸው ጋር አሳደጓት። ዳሯት፤ ስትወልድም ገንፎውን ራሳቸው አገንፍተው አረሷት። በመጨረሻው ሕመማቸው ከአጠገባቸው ያልተለየችውም እሷ ናት። ማንም በክፋት አልተዋትም። ግን አያታችን ቢሰሙ ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር፤ ቁጣቸውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

«ማንበብ አይችሉም ነበር» የተባለውም ልክ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገቡም እንጂ ዳዊታቸውን እያነበቡ ነበር የሚደግሙት። ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ እንዲህ እያሉ እስከ ቅዳሜ 150ውን ያዳርሱ ነበር። ሲጨርሱ የልጅ የልጅ ልጁን የክርስትና ስም አንድ በአንድ ይጠሩ ነበር። ማንንም አይዘሉም ነበር፤ ያስቀየማቸውን እንኳ።

በየዓመቱ ይሄዱ የነበረውም ግሸን ማርያም ነው፤ መስከረም 21። ጽሑፉ ያለው ቁልቢ ገብርኤል የእህታቸው ስለት ነበር።

የታረመው ጽሑፍ በ40 ቀናቸው ተዝካር ላይ ይነበባል። እባካችሁ የፊተኛውን ለሌላ ሰው አትላኩት።