ገጣባና ኪራይ

ቨርጂኒያ ውስጥ ባለቤት ላጡ ውሾችና ድመቶች በተቋቋመ መጠለያ ተቀጥሬ እሠራለሁ። በእርዳታ የሚተዳደር ድርጅት ነው። ሀገር ቤት ላለ ሰው ሥራዬን ስነግረው ቀኑን ሙሉ ቡችላ አቅፌ የምውል ይመስለዋል። ጠዋት የሚጠብቀኝ ግን መጥረጊያና በረኪና ነው። የውሾቹ ጩኸት ማታ ቤት ድረስ ይከተለኛል። ደመወዙም ትንሽ ነው። እሱስ ይለመዳል።

ያልለመድኩት ሰዎቹን ነው። ባለፈው ኅዳር አንዲት ትልቅ ሴት አሥራ አንድ ዓመት ያሳደገችውን ውሻ ይዛ መጣች። ኪራይ ጨምሮባት ቤት ልትቀይር ነው፤ ያገኘችው አፓርታማ ደግሞ ትልቅ ውሻ አይቀበልም። ፎርሙን ሞልታ ፈረመች። ከዚያ ከቦርሳዋ ከአሮጌ አንሶላዋ የተቀደደ ጨርቅ አወጣችና "ያለዚህ አይተኛም" አለችኝ። ውሻው እሷ ከወጣች በኋላ አፍንጫውን በሩ ሥር አድርጎ እስኪመሽ ተኛ።

ሥራ ስጀምር እንዲህ ያለውን ሰው "እንዴት አስቻላት!" እያልን እናማ ነበር። አሁን አፌን እይዛለሁ። ውሻውን ያስወጣው ኪራዩ ሆኖ ሳለ ሴትዮዋን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

አህያ ካነሳሁ አይቀር፣ ሀገር ቤት ስሄድ ጀርባዋ የገጠበ አህያ አይቼ ባለቤቱ ላይ ጮኼበታለሁ። "እህቴ፣ ዛሬ ካልጫንኳት ልጆቼ ምን ይበላሉ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ገጣባውን የሚያመጣው ጭነቱ አከርካሪዋ ላይ ሲያርፍና ገመዱ ሲፈገፍጋት ነው። ጭድ የተሞላ ወፍራም ጆንያ፣ አከርካሪዋን እንዳይነካ ተደርጎ ከሥር ቢነጠፍላት ብዙው ቁስል ይቀራል። ዘ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋር ለዓመታት አህያ ሲያክም ባለቤቶቹንም ያስተምር የነበረው ለዚህ ነው። ሰውየው የሚያስፈልገው ጩኸቴ ሳይሆን ጆንያው ነበር።

የኛ ሰው ለእንስሳ ግድ የለውም የሚሉኝን ደግሞ አልቀበልም። በ2009 ዓ.ም. እዚያው ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ ሰው ተቆጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተዘግቷል እኮ!

አሁን መጠለያችን ውሻ ከመረከቡ በፊት "ምን ቢደረግልዎት አብሮዎት ይቆይ ነበር?" ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዱ አንድ ከረጢት የውሻ ምግብ ይበቃዋል፣ ይዞት ይመለሳል። ለሴትዮዋ ግን አልደረስንላትም። ውሻዋ አሁንም እኛ ጋ ነው። ጨርቁን እስካሁን አላጠብኩትም፤ ሽታዋ እንዳይጠፋበት።