ታቦት የሌለው ቅዱስ

የእኛ ሰው ከሥራ ለመቅረት ሰበብ አያጣም። ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ሁሉም ቢጠፋ «ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው» አለ። ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የድሮዎቹ እንግሊዞች ለመቅረት ሲሉ አዲስ ቅዱስ ሾመዋል! ስሙ ቅዱስ ሰኞ ይባላል። ታቦት የለው፣ ገድል የለው፣ በስንክሳር አይነሣ፤ ግን በየሳምንቱ ይነግሣል። ቅዳሜ ደመወዝ፣ እሑድ መጠጥ፣ ሰኞ ደግሞ የእሑዱን ራስ ምታት ማስታመሚያ። ማክሰኞን የሚደርብም አይጠፋም ነበር (ሰኞ ማክሰኞ የልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ)። ክፍያው በሠሩት ልክ ስለነበር፣ ሰኞ የተኛው ሐሙስና ዓርብ እያመሸ ያካክሳል።

በፈረንጆቹ 1720ዎቹ ወጣቱ አሜሪካዊ፣ ኋላ ከአገሩ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ ለንደን ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። አብሮት የሚሠራው ሰው ከቁርስ በፊት ቢራ፣ ከቁርስ ጋር ቢራ፣ በቁርስና በምሳ መካከል ቢራ፣ እንዲህ እያለ በቀን ስድስት ጊዜ ይጎነጫል። ፍራንክሊን ውኃ! ሰኞም አይቀርም። አለቃው ወደደው፤ ባልደረቦቹ «ውኃው አሜሪካዊ» አሉት። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የት አለ? እናንተም ይኸው የአንዱን ስም በልባችሁ ጠራችሁ።

እንግሊዛዊው ሸክላ አምራች ጆሳያ ዌጅውድ በፈረንጆቹ 1769 ኢትሩሪያ የተባለውን ፋብሪካውን ከፈተ። ደወል ሰቀለ፤ ቀድሞ የመጣውን የሚያመሰግን፣ የዘገየውን የሚመዘግብ ተቆጣጣሪም አሰበ። ደወሉ ጮኸ። የአጥቢያው ንግሥ ሲደርስ ግን ሠራተኛው ነቅሎ ወጣ። ዌጅውድ ተቆጣ፣ አባበለ፣ ረዘም ያለ የገና ዕረፍት ቃል ገባ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ፣ ዓለም አብራው ብታልፍ እንኳ ንግሡ አይቀርም ብሎ ጻፈ። ምስኪን! አንድ የአገራችን ደብር አለቃ ቢያማክር ኖሮ ቀለሙንም አያባክን።

ኋላ የእንፋሎት ሞተር መጣ። እሱ ቅዱስ አያውቅ፣ ራሱን አያመው። የዘገየ ይቀጣል፣ በር ይዘጋበታል። ሰዓቱ ግን የጌታው ነው፤ አንዳንዱ ባለፋብሪካ ጠዋት ያስቀድመዋል፣ ማታ ያዘገየዋል። ሰኞ ሙሉውን የጠፋበትን ቀን በየዕለቱ ቆንጥሮ ቆንጥሮ ያስመልሳል። ሠራተኛውም የራሱን ሰዓት ይዞ መምጣት ይፈራ ነበር፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ከመቅረት የባሰ ጥፋት ነዋ!