የተማሪ ቁጥር መቀነስ ብቻውን አይበቃም

«የክፍል ተማሪ ከተቀነሰ ውጤት በራሱ ይጨምራል፤ የቴነሲው ጥናት አረጋግጦታል» ላልከው ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በ1985 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ጥናት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በዕጣ መደበ። መምህራኑም የተመደቡት በዕጣ ነው። ከ13 እስከ 17 ልጆች ባሉበት ክፍል የተማሩት፣ ከ22 እስከ 25 ካሉበት ይልቅ የተሻለ ውጤት አመጡ። እዚህ ድረስ ተስማምተናል።

ችግሩ «በራሱ» ያልከው ላይ ነው። ካሊፎርኒያ በ1996 ጥናቱን አይታ የታችኛዎቹን ክፍሎች ወደ 20 ልጅ ለማውረድ ተጣደፈች። ያን ሁሉ መምህር ከየት ታምጣ? ሙሉ የማስተማር ፈቃድ የሌላቸው በገፍ ተቀጠሩ። በብዛት የገቡት ደግሞ፣ እንደተለመደው፣ የድሃ ልጆች ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው።