እኔ አይደለሁም፣ ሆርሞኔ ነው

ድሮ ሰው ሲያጠፋ ሰይጣን አሳስቶት ነበር። አሁን ሰይጣን ጡረታ ወጥቷል። ወንበሩን ዶፓሚን የሚባል የአንጎል ኬሚካል ተረክቦታል።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ዘንድሮ ዝም ብሎ የሚያጠፋ ሰው የለም። ሁሉም በሳይንስ ነው የሚያጠፋው። እንግዳ ፊት ቁጭ ብሎ ስልኩን የሚነካካው «ምን ላድርግ፣ ዶፓሚኔ ነው» ይላል። ቤቱን በጩኸት ያናወጠው ሰውዬ ሲበርድለት «ኮርቲሶሌ፣ የጭንቀት ሆርሞኔ፣ ከፍ ብሎ ነው» ብሎ ያስረዳል። አንዱን ወዳጄን የተበደረኝን ገንዘብ መቼ እንደሚመልስ ጠየቅኩት። የሰው አንጎል የነገን ጥቅም ከዛሬው አሳንሶ እንደሚመዝን አብራራልኝ። ግሩም ማብራሪያ ነበር። ገንዘቡ ግን እዚያው ነው።

የሚያስቀውም የሚያናድደውም፣ የሚሉት ነገር ውሸት አለመሆኑ ነው።

የሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው። ከምናቃጥለው ጉልበት ግን 20 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይበላል። ያውም ቁጭ ባልንበት። ስለዚህ «ይሄ ሰው ምንም አያስብም እንዴ?» የምትሉት ጎረቤታችሁም የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ለአንጎሉ እየገበረ ነው። ምን ላይ እንደሚያውለው የአንጎሉ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልግባ። ከባድ የሚጥል በሽታ ላለባቸው አንዳንድ ሰዎች፣ ሐኪሞች የአንጎልን ግራና ቀኝ ግማሾች የሚያገናኘውን የነርቭ ጥቅል ይቆርጡላቸው ነበር። እነዚህን ሰዎች ያጠናው ሮጀር ስፔሪ እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የእሱ ተማሪ የነበረው ማይክል ጋዛኒጋ ከባልደረባው ጋር የሠራው አንድ ሙከራ ግን ለእኔ ከሽልማቱም ይበልጣል።

ለታካሚው ሁለት ሥዕል አሳዩት። ለግራው ግማሽ አንጎል ብቻ የዶሮ እግር። ለቀኙ ግማሽ ብቻ በረዶ የዋጠው ቤት። ከዚያ ከፊቱ ከተደረደሩት ሥዕሎች የሚዛመደውን እንዲጠቁም ጠየቁት። ቀኝ እጁ ዶሮ ላይ ሄደ። ግራ እጁ አካፋ ላይ። ቀኝ እጅን የሚያዘው ግራው ግማሽ፣ ግራ እጅን ደግሞ ቀኙ ነውና ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በረዶ በአካፋ ነው የሚዛቀው። ችግሩ፣ የሚናገረው ግራው ግማሽ ነው። እሱ ደግሞ በረዶውን አላየም። «አካፋውን ለምን መረጥክ?» አሉት።

«አላውቅም» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ቅንጣት ሳያቅማማ፣ የዶሮው እግር ከዶሮ ጋር እንደሚሄድ፣ አካፋው ደግሞ የዶሮውን ቤት ለመጥረግ እንደሆነ ነገራቸው።

ሰውዬው ቀጣፊ አይደለም። ከልቡ አምኖ ነው።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ በእያንዳንዳችን ጭንቅላት ውስጥ አንድ ቃል አቀባይ ተቀምጦ ይታየኛል። ውሳኔው ሲወሰን ስብሰባው ላይ አልተጠራም። ማን ምን እንዳለ አያውቅም። ማይክ ሲደቀንበት ግን አንድም ቀን «መረጃው የለኝም» ብሎ አያውቅም። ከረባቱን አስተካክሎ መግለጫውን ይሰጣል። እኛም ያንን መግለጫ «የእኔ አቋም» እንለዋለን። ለአቋማችን ደግሞ ከሰው እንጣላለን።

እ.ኤ.አ. በ1983 ቤንጃሚን ሊቤት የተባለ ተመራማሪ፣ ሰዎች በፈለጉት ቅጽበት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ እየጠየቀ አንጎላቸውን ለክቶ ነበር። አንጎል መሰናዳት የጀመረው፣ ባለቤቱ «አሁን ላንቀሳቅስ» ብሎ ከማሰቡ በሰከንድ ሲሶ ገደማ ቀድሞ ነው። ትርጉሙ ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይነታረካሉ። ይነታረኩ። እጁን ስልኩ ላይ አግኝቶት «ለምን ነበር ያነሳሁት?» ያለ ሰው ሁሉ ነገሩ በከፊል ገብቶታል።

ቃል አቀባዩ ሥራ የሚበዛበት ከምግብ በፊት ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የሚባል የረሃብ ሆርሞን ይለቃል። የደም ስኳር ዝቅ ሲል ሰውነት ያንን ለማንሳት አድሬናሊንና ኮርቲሶልን ያሰማራል። አደጋ ሲመጣም የሚሰማሩት እነዚያው ናቸው። እንግዲህ አንድ ለጠብ የተሰናዳ ገላ ወደ ቤቱ ይገባል። በሩ ላይ የተበታተነ ጫማ ያገኛል።

ከዚህ በኋላ የሚሰማው ንግግር ስለ ረሃብ አይደለም። ስለ መከባበር ነው። «በዚህ ቤት እኔ የምናገረው አይሰማም!» «ጉዳዩ የጫማ ጉዳይ አይደለም!» እውነቱን ነው፣ የጫማ አይደለም። ዱሮ የተባለ ነገር ሁሉ ከማህደር ይወጣል። የሚስት ዘመዶች ይነሳሉ። የባል እናት ይነሳሉ። ምግብ ይቀርባል። ትንሽ ቆይቶ መከባበሩ ተመልሷል፤ የሁለቱም ዘመዶች ደጋግ ሰዎች ሆነዋል። ቃል አቀባዩ ግን የቀድሞውን መግለጫ አያስተባብልም። «ቁጭ ብለን ተነጋግረን ተግባባን» ይላል። ምን መነጋገር? በልታችሁ ነው እንጂ!

የተማረ ሰው ከዚህ ያመልጣል ብላችሁ እንዳትጽናኑ። ቻርለስ ዳርዊን በለንደን መካነ አራዊት ወፍራም መስታወት ጀርባ ወዳለ መርዘኛ እባብ ፊቱን አስጠጋ። ቢወረወርም ንቅንቅ ላይል ቆርጧል። እባቡ ተወረወረ። ዳርዊን አንድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ይህን የጻፈው ራሱ ነው። መስታወቱን በደንብ ያውቀዋል። እግሩ ግን አላማከረውም።

ዛሬ እባቡ አጭር መልእክት ይልካል። «ነገ ጠዋት ቢሮዬ ብቅ በል» የምትል ከአለቃ ትምጣ። በአንጎል ውስጥ ጠለቅ ብላ የተቀመጠች አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል ማንቂያውን ትደውላለች። ልብ ይደልቃል። አፍ ይደርቃል። ደም ወደ ጡንቻ ይጎርፋል። ሆድ ሥራ ያቆማል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይብስበታል። መላው ገላ ለሩጫ ተዘጋጅቷል። የሚጠበቅበት ግን ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ «እሺ ጌታዬ» ማለት ነው። ይህ ሁሉ ዝግጅት ራስ ለመነቅነቅ። አለቃው የፈለገው ደግሞ የመጋዘኑ ቁልፍ የት እንዳለ ለመጠየቅ ነበር።

ቁልፉን ተቀብሎ አንድ ቀልድ ጣል ያደርጋል እንበል። ጊዮም ዱሼን የተባለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሐኪም፣ እውነተኛ ፈገግታ አፍን ብቻ ሳይሆን በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻም እንደሚያንቀሳቅስ አሳይቷል። ያ ጡንቻ ደግሞ እንደ አፍ በትእዛዝ እሺ አይልም። ለዚህ ነው የሠራተኛው አፍ ሰርግ ላይ ሆኖ ዓይኑ ለቅሶ ላይ የሚቀረው። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ሳቅን ሲያጠና፣ ሰው በሰው መሃል ሲሆን ብቻውን ከሚስቀው 30 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አገኘ። አብዛኛው ሳቅ ደግሞ የሚያስቅ ነገር ተከትሎ የሚመጣ አይደለም። የምንስቀው «ከእናንተ ጋር ነኝ» ለማለት ነው። አለቆች ይህን ጥናት እንዳያገኙት አደራ።

ስለ ፍቅር ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፤ አላስችል አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደተንና አሮን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሠሩት ነገር አለ። ካናዳ ቫንኩቨር አካባቢ ካፒላኖ የሚባል፣ ከ70 ሜትር ገደል በላይ የሚወዛወዝ ድልድይ ይገኛል። እዚያ የሚሻገሩ ወንዶችን አንዲት ወጣት ሴት መጠይቅ ታስሞላቸዋለች። የስልክ ቁጥሯንም ትሰጣቸዋለች። ዝቅ ባለና በማይነቃነቅ ድልድይ ላይም እንዲሁ። ከሚወዛወዘው ድልድይ ላይ ያገኘቻቸው ወንዶች ይበልጥ ደወሉላት።

ልባቸውን ያስደለቀው ገደሉ ነው። ቃል አቀባዩ ግን ገደሉን ትቶ ልጅቷን አየ። «ፍቅር ነው» የሚል መግለጫ አወጣ። ከዚህ በኋላ «ገና ሳያት ልቤ ድንግጥ አለ» የሚለኝን ሰው፣ የት ቆመህ ነበር ሳልለው አላልፍም። ስንቱ ነው ድልድዩ መወዛወዝ ሲያቆም «ተለወጥሽብኝ» የሚለው?

ዶፓሚንም ቢሆን ስሙ ያለ ሥራው ጠፍቷል። የደስታ ሆርሞን ይሉታል። ቮልፍራም ሹልትስ የተባለ ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ያየው ነገር ግን ትንሽ ይለያል። የዶፓሚን ነርቮች የሚንጫጩት ያልተጠበቀ ስጦታ ሲመጣ ነው። ስጦታው ከተለመደ በኋላ፣ መምጣቱን የሚያበስረው ምልክት ላይ ይንጫጫሉ፤ ስጦታው ራሱ ሲደርስ ዝም። ስለዚህ ስልኩ «ጢን» ሲል ነው ደስታው። ሲከፈት የአበባ ፎቶና «መልካም ቀን ይሁንላችሁ»። ያውም ግማሹን አባል ወደማናውቀው ግሩፕ የተላከ። አንጎላችን ግን ተስፋ አይቆርጥም። በሚቀጥለው «ጢን» እንደገና ብድግ ይላል።

አሁን ደግሞ ከስልክና ከመሳሰለው ደስታ ለጊዜው መታቀብ፣ «የዶፓሚን ጾም» የሚባል መጥቷል። ዶፓሚን እውነት ቢጾም ኖሮ ጾመኛው ከአልጋው ባልተነሳ። የፓርኪንሰን ሕመምተኞች እንቅስቃሴ የሚያቅታቸው ዶፓሚን የሚያመነጩት ሴሎቻቸው እየሞቱ ነው። ለነሱ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ደግሞ፣ በዕድሜው ካርታ ነክቶ የማያውቅን ሰው ቁማርተኛ አድርገው ያውቃሉ። ይሄ ቀልድ የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው «እኔ አይደለሁም» ቢል አምነዋለሁ።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ባዮሎጂው ለሁሉም ሰው የተሰጠ ሆኖ ሳለ የምንጠቀምበት ለራሳችን ብቻ ነው። እኔ ስጮህ ኮርቲሶል ነው። እሱ ሲጮህ ብልግና ነው። እኔ የረሳሁት እንቅልፍ አጥቼ ነው። እሷ የረሳችው ንቃኝ ነው። የእኔ ልጅ ሲያስቸግር የፊተኛው አንጎሉ ገና አልበሰለም፤ እውነትም ያ ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ እየበሰለ ይቆያል። የጎረቤት ልጅ ሲያስቸግር ግን አሳዳጊ የበደለው ነው። የሌላውን ሰው ጥፋት ስናይ ሁኔታውን ትተን ባሕርዩ ላይ የመለጠፍ ልማዳችንን ሊ ሮስ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ስም አውጥቶለታል። ስም ወጣለት ብሎ የተወው ግን የለም። እንዲያውም አሁን ሌላውን የምንሰድብበት አንድ ተጨማሪ ስም አገኘን።

ሆርሞን የሚጠራው ደግሞ ለጥፋት ብቻ ነው። ሽልማት ሊቀበል መድረክ ላይ ወጥቶ «ይህ ስኬት የእኔ ሳይሆን የሴሮቶኒኔ ነው» ያለ ሰው አላየሁም። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በላብ በወዝ የተገኘ ነው።

ክርክሩ ሲጠናባቸው የሚጠቅሱት ፊኒያስ ጌጅን ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 አሜሪካ ቨርሞንት ውስጥ ለባቡር ሐዲድ ድንጋይ ሲያፈነዳ፣ ከአንድ ሜትር የሚረዝምና 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ተረፈ። ጨዋና ታታሪ የነበረው ሰው ግን ተሳዳቢ፣ ዛሬ ያቀደውን ነገ የሚተው ሆነ። ሐኪሙ ጆን ሃርሎው እንደጻፈው፣ ወዳጆቹ «ይሄ ጌጅ አይደለም» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚያቆመው። ቀጥሎ ያለውን የሚያነሳ የለም። ጌጅ በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት መንገደኛ የሚያጓጉዝ የፈረስ ሠረገላ ነድቷል። ፈረሶቹን ማዘዝ አለ፣ ሰዓት ማክበር አለ፣ ከመንገደኛ ጋር መግባባት አለ። ብረት አናቱን በስቶት ያለፈ ሰው ሥራ ገብቷል። የኛ ሰው ግንባሩ ሙሉ ነው፤ «ሰኞ ሰኞ ዶፓሚኔ አይነሳልኝም» ይላል።

ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ይታየኛል። ሁለት ሹፌሮች መስቀለኛ መንገድ ላይ ይጋጫሉ። አንደኛው ወርዶ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አድሬናሊን ነው የነዳው» ይላል። ሌላው «አይ፣ የእኔም አሚግዳላ ናት ቀድማኝ ነዳጅ የረገጠችው» ይላል። ሊተቃቀፉ ምንም አይቀራቸው። ትራፊክ ፖሊሱ ይደርሳል። ሁለቱም እየተቀባበሉ ስለ አንጎላቸው ያስረዱታል። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን ያንባርቃል። ፖሊሱ በትዕግሥት አዳምጦ ሲጨርስ የቅጣት ደብተሩን ያወጣል።

«ገብቶኛል» ይላል። «እኔም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ግሬሊኔ ሁለቱንም ቅጣ እያለኝ ነው። መንጃ ፈቃድ!»