አብሮ ማስተማር እንዲህ ነው እንዴ?

ዛሬስ በቃኝ! ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ «ፈረንጇ ታስተምር፣ አንተ አስተርጉም» አለኝ። በተማሪዎቼ ፊት! አስተርጓሚ ነኝ እንዴ? የእንግሊዝኛ መምህር እኮ ነኝ! ልጅቷ በፈቃደኝነት የመጣችው አብራኝ ልታስተምር ነው። ዕቅዱን ያወጣነው ቁጭ ብለን፣ አብረን ነው። እሷ ንግግሩን፣ እኔ ሰዋስውን። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ጠመኔውን ከእጄ ወስዶ ሰጣት! እሷ ራሷ ደነገጠች።

የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) የሚባሉት አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኛ መምህራን በ1955 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ ስንት ፈረንጅ አስተምሮ ሄደ? እሷም ትሄዳለች። ከዚያስ? ልጆቹ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ለዚያ የሚያበቃቸው ማን ነው?

ከሰዓት አንዱ ተማሪዬ ደብተሩን ይዞ መጣ። ላርምለት እጄን ስዘረጋ «ሚስ ትየው» አለኝ። በልጁ ልፈርድ ነው? ጠዋት ያየውን አይቶ ምን ይበል?