ካቺ የአራስ ነው

ስለ እርግዝና ጣፋጮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ካቺን፣ ከዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር የሚሠራውን የኢራን ጣፋጭ፣ ከእነሱ መድቦታል። በኢራን ግን በዋነኛነት የአራስ ምግብ ነው፤ እንደ እኛ ገንፎ። ጽሑፉ አሠራሩም ላይ የዘለለው አለ። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በደረቁ፣ በለስላሳ እሳት፣ ሽታው እስኪያውድ ይታመስና 100 ግራም ቅቤ ይገባበታል። ሦስት ኩባያ ውሃ፣ የኩባያ ሦስት አራተኛ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ የጽጌረዳ ውሃና ቁንጥር ሳፍሮን (ቢጫ ቀለም የሚሰጥ ቅመም) ለብቻ ይሞቃል። እሳቱን አጥፍቶ ይህን በቀጭኑ እያፈሰሱ ማማሰል ነው፤ በአንዴ ከተደፋ ይጓጉላል። ከዚያ እንደገና በቀስታ ይንተክተክ። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ቀጠን እንዳለ አውርዱት፤ ከጠጠረ ሐልዋ የሚባለው ጠጣር ጣፋጭ ሆነ ማለት ነው። ለነፍሰ ጡር ከሆነ ሳፍሮኑ ከቁንጥር አይለፍ። በእርግዝና ስኳር ለተያዘች እህት ደግሞ ካቺ ይዞ ከመሄድ ቤቷን አጽድቶ ምሳ ሠርቶላት መመለስ ይሻላታል።